የወደቀ ዛፍና ምሳሩ

ጆዜ ሞሪንሆ እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ቼልሲን የሊጉ ሻምፒዮን ሲያደርግ ግትርነቱ «ቆራጥነት»፣ ጭቅጭቁ «የአሸናፊ ወኔ» ተባለለት። በዲሴምበር ክለቡ ከ16 ጨዋታ 9ኙን ተሸንፎ፣ 16ኛ ሆኖ ሲያሰናብተው ያው ግትርነት «ትዕቢት» ሆኖ አረፈው። አዲስ አበባ ሳይቀር ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «ተጫዋቾቹ ሸጡት» ሲል፣ ሌላው «ድሮም ሰው አያከብርም» አለ። ድሮም? ታዲያ ድሮ የት ነበርክ ወዳጄ?

በዚያው ዓመት ኦገስት፣ ከስዋንሲ ጋር 2 ለ 2 በተለያዩበት ዕለት፣ ዳኛው ጠርቷት የተጎዳውን ሃዛርድን ልታክም የገባችውን የክለቡን ሐኪም ኢቫ ካርኔሮን ጨዋታ እንደማይገባው ሰው ቆጥሮ በአደባባይ ወቀሳት። ጥፋት ነበር፤ ክለቡም በ2016 ይቅርታ ጠይቋታል። ጥፋት የሆነው ግን በዚያው ቀን ነው እንጂ ነጥብ ሲጠፋ አይደለም። ሥራን አጥብቆ መጠየቅ ሌላ፣ ሰውን ማዋረድ ሌላ። የመጀመሪያው ቢሸነፍም ያስመሰግናል፤ ሁለተኛው ዋንጫ ቢያመጣም ያስወቅሳል።

የሰውን ጠባይ ከደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የሚያነብ ደጋፊ፣ ነገ አለቃውንም ሹሙንም የሚመዝነው እንዲሁ ነው፤ እስኪወድቅ ያጨበጭባል፣ ሲወድቅ ምሳር ያነሳል።