ስያሜው ይቆይ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ ይገረፉ፣ ይገደሉ የሚሉ ቪዲዮዎች ተዘዋወሩ።

ጉለሌ ውስጥ ያንን የምታይ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ እናስብ። ሽሮ ሜዳ፣ በእናቷ የሀበሻ ልብስ መሸጫ ውስጥ ተቀምጣ ነጠላ ታጣጥፋለች። ከአንዲት ጓደኛዋ መልእክት ሲገባ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። «ማን ነው?» ትላለች እናት። «ማንም።» ልጅቷ ያደረገችው ነገር የለም። ልቧ ወደ ማን እንደሚያደላ ብቻ ለራሷ መመለስ አቅቷታል።

እንዲህ ላለች ልጅ ሁሉም ስም ሊያወጣላት ይቸኩላል። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ስሞች ስድብ ናቸው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ረጅም የስያሜ ዝርዝር ዘርግቶ «የቱ ነሽ?» ይላታል። ሁለቱም ጊዜ አይሰጧትም፤ እሷን የሚያስፈልጋት ግን ጊዜ ነው።

ሕጉ ራሱ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ በአንቀጽ 630 መሠረት በከባድ ሁኔታ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ይህ ድንጋጌ ራሱ ሊያከራክር የሚገባ ነው። ሆኖም ስሜት፣ ጥርጣሬ ወይም ለራስ የቀረበ ጥያቄ በየትኛውም አንቀጽ ወንጀል ተብሎ አልተጻፈም። ይህን ወላጆችም ልጆቻቸውም ቢያውቁት የብዙዎች ፍርሃት በጥቂቱም ቢሆን ይቀልላል።

ጥናቱም ችኮላን አይደግፍም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊሳ ዳይመንድ ዝንባሌያቸው ለተቃራኒ ጾታ ብቻ ያልሆነ 79 ሴቶችን ለ10 ዓመት ተከታትላ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለራሳቸው የሰጡትን ስያሜ ቢያንስ አንዴ እንደቀየሩ አግኝታለች። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ማስለወጥ ይቻላል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ሴቶቹ ስያሜያቸውን የለወጡት ማንም ሳያስገድዳቸው ራሳቸውን እያወቁ ሲሄዱ ነው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያሉትን ጥናቶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስታወቀው፣ የሰውን ዝንባሌ በሕክምና መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ልጁን ይዞ እንጦጦ ጸበል የሚወጣ አባት በእምነቱ ይሂድ፤ ልጁ ግን ታማሚ አይደለም።

ስም መያዝ የሚጠቅመው ሰው መኖሩም እውነት ነው። ባሕሩ ሸዋዬና ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ማንነታቸውን በይፋ ተናግረው «ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለውን የመብት ድርጅት መሥርተዋል። ብቻውን እንደሆነ ለሚያስብ የሀገር ልጅ እነሱን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እንደ እነሱ በውጭ አገር ሆኖ በአደባባይ መናገርና አዲሱ ገበያ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአምስት የቤተሰብ አባላት ጋር እየኖሩ መናገር አንድ አይደለም። ያልተናገረውን ፈሪ ማለት ግፍ ነው።

ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ በመዲናዋ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች አነጋግረው ያጠኑ ሲሆን፣ ተደብቆ መኖር ሰዎቹን ለኤችአይቪ ይበልጥ እንደሚያጋልጥ ጽፈዋል። ስለዚህ ልጅቷ ስሙ ቢቆያትም የሚሰማት አንድ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ታላቅ እህት፣ ነርስ ወይም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። የሰማውን ለእናቷም ለጎረቤትም ያለ ፈቃዷ አይንገር፤ «ታዲያ ምንድን ነሽ?» ብሎም አያፋጥጣት።