የቆርኬዎቹ ጎዳና

ከጁባ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ሰፊ ሜዳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ውኃና ለምለም ሣር እየተከተለ በየዓመቱ ይፈልሳል፤ ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውሮፕላን በተካሄደው ቆጠራ፣ ቆርኬውና አብረውት የሚፈልሱት መሰሎቹ ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገምቷል።

ይህን ሁሉ መንጋ በባንዲንጊሎና በቦማ ብሔራዊ ፓርኮች ክልል ውስጥ ብቻ መጠበቅ ይቻላልን? አይመስለኝም። የአየር ንብረት ተለውጦ ዝናቡ ሲዛባ፣ ጎርፉም ሜዳውን ሲውጠው መንጋው መንገዱን ይቀይራል፤ በካርታ ላይ የተሰመረውን ወሰን ከቶ አያውቀውም። ስለዚህ ሊጠበቅ የሚገባው ጎዳናው ነው። ርቦት የሚያድነውን የመንደር ሰው ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ሥጋውን ጁባ ወስዶ የሚያተርፈው ነጋዴ ነውና። የጁባና የአዲስ አበባ መንግሥታት ከቦማ እስከ ጋምቤላ ያለውን መተላለፊያ በጋራ ያስጠብቁ፤ መንገድ ከመጥረጋቸው በፊትም መንጋው በየት በኩል እንደሚሻገር የአካባቢውን አርብቶ አደር ይጠይቁ።