ኬሚካል ወይስ ኤሌክትሪክ? የሲናፕስ ሙግት

ያረፈ የነርቭ ሕዋስ ውስጡ ከውጪው ሲነጻጸር በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው። ይህን ልዩነት የሚለውጠው የአዮኖች ፍሰት እንደሆነ ከዚህ በታች የሚሟገቱት ሁለት ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የሚለያዩት የነርቭ ምልክት በሲናፕስ፣ ማለትም በሕዋሳት መገናኛ፣ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚሻገርበት መንገድ ላይ ነው።

የኬሚካሉ ጠበቃ

ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 የአንድን እንቁራሪት የልብ ነርቭ ቀስቅሶ ምቱን አዘገየ። ያ ልብ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያዛውረው፣ ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። የተሻገረው ፈሳሹ ብቻ ነበር።

ጆን ኤክልስ ግን ለዓመታት የኤሌክትሪኩ ወገን ሆኖ ተሟገተ። በ1951 በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር ቀጭን ኤሌክትሮድ ወደ ድመት ኅብለ ሰረሰር ሕዋስ አስገብቶ ለካ። የእገዳው ምልክት የሕዋሱን ውስጥ ይበልጥ ኔጌቲቭ አደረገው፤ የእሱ መላምት የተነበየው ግን ተቃራኒውን ነበር። ተረታ፤ መረታቱንም አመነ።

አሠራሩም ግልጽ ነው። ምልክቱ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ይገባል፤ ከረጢቶች ኬሚካላዊውን መልእክተኛ 20 ናኖሜትር ገደማ ወደሚሰፋው ክፍተት ይለቃሉ። ማዶ ላይ አሴቲልኮሊን የጡንቻን በር ከፍቶ ሶዲየም ያስገባና ጡንቻውን ይቀሰቅሳል። ጋባ የተባለው ሌላ መልእክተኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክሎራይድ አስገብቶ ሕዋሱን ያግዳል። መቀስቀስንም ማገድንም እንዲህ አመቻችቶ የሚያዝ ቀጥተኛ ጅረት የት አለ?

የኤሌክትሪኩ ጠበቃ

አለ፤ ያውም ኤክልስ በተረታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገኘ። ኤድዊን ፈርሽፓንና ዴቪድ ፖተር በ1959 ክሬይፊሽ በተባለው የውሃ እንስሳ ነርቮች መካከል ጅረት በቀጥታ ሲያልፍ አሳዩ፤ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። እንዲህ ባለው ሲናፕስ ሁለቱ ሕዋሳት ከ4 ናኖሜትር በማይበልጥ ርቀት ተጠጋግተው፣ አዮኖች በጋራ ቦይ ይተላለፋሉ። ኬሚካሉ ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ሲዘገይ ይህኛው መዘግየት የለውም ማለት ይቻላል።

ማገድስ? ፉሩካዋና ፈርሽፓን በ1963 ዓሣን ከአደጋ በሚያስፈተልከው የማውትነር ሕዋስ ላይ የኤሌክትሪክ እገዳን መዝግበዋል።

ነገሩ የዓሣና የክሬይፊሽ ብቻም አይደለም። ቦዩን የሚሠራው ኮኔክሲን 36 የተባለ ፕሮቲን በጎደላቸው አይጦች፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚያገለግለው የሬቲና መስመር ይታወካል።

በብዛት ኬሚካላዊው ሲናፕስ እንደሚበልጥ አይካድም። የማውትነር ሕዋስ ግን ምርጫውን ራሱ ያፈርሰዋል፦ ከጆሮ የሚመጡት ነርቮች እዚያ በሚያርፉበት በአንድ ጫፍ ግሉታሜት ይለቃሉ፣ በዚያው ጫፍም አዮኖችን በቀጥታ ያሻግራሉ።