የቆየ የስፖርት መኪናና ሰፊ ጎማ፦ መቀየር ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ በረድ የሚልባቸው ወራት ሲመጡ፣ በጋውን በሸራ ተሸፍነው ያሳለፉ የቆዩ የስፖርት መኪኖች ወደ ጎዳና ይወጣሉ። እነዚህ መኪኖች በሚሰባሰቡበት አደባባይ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎ ዐይኑ ወደ እግሩ ይወርዳል። በዚያም አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል፤ ከ50 ዓመት በፊት ከፋብሪካ ሲወጣ በቀጭን ጎማ ይሄድ የነበረ መኪና ዛሬ ሰፊ ቸርኬና ከአካሉ አልፎ የወጣ ጎማ ተገጥሞለታል። አንዳንዱ ያምርበታል። አንዳንዱ ደግሞ የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ሕፃን ይመስላል።

ነገሩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለቤቱ ምርጫ ትቶ ማለፍ ይበቃ ነበር። ዳሩ ግን መኪና ከምድር ጋር የሚገናኘው በአራት የእጅ መዳፍ በሚያካክሉ ቦታዎች ብቻ ነው። መሪው፣ ፍሬኑ፣ ሞላውና ሞተሩ የሚሠሩት ሥራ ሁሉ በመጨረሻ በእነዚያ አራት ቦታዎች ያልፋል። ስለዚህ ቸርኬና ጎማ መቀየር መጋረጃ እንደ መለወጥ አይደለም። በቆዩ መኪኖች ላይ ለውጥ ፈጽሞ አይደረግ ማለት ግትርነት ነው። ለውጡ ግን ሊመለስ የሚችል፣ በልክ የተሠራና የመኪናውን አካል የማያስቆርጥ መሆን አለበት። በጋራዦች የሚታየው ልማድ ከዚህ መሥመር እየወጣ ነው።

ለዚህ ክርክር ከዳትሰን 240 ዜድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ የጃፓን የስፖርት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ለሕዝብ ቀረበ። ባለ ስድስት ሲሊንደር 2.4 ሊትር ሞተሩ፣ አራቱም እግሮቹ ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱበት አሠራሩ፣ ከአንድ ቶን ብዙም የማያልፈው ክብደቱ ከአውሮፓ ውድ መኪኖች ተርታ አሰለፉት፤ ዋጋው ግን ከእነርሱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ደግሞ ስሙ ሌላ ትዝታ አለው። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው፤ በሁለተኛው ድል መሪውን የጨበጠው በዩጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታ ነበር።

ይህ መኪና ለገበያ ሲቀርብ ቸርኬው 14 ኢንች ቁመትና 4.5 ኢንች ስፋት ብቻ ነበረው፤ ጎማውም 175 ሚሊ ሜትር። ዛሬ ተራ የቤተሰብ መኪና እንኳ ከዚህ የሰፋ ጎማ ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። ስለዚህ የ240 ዜድ ባለቤት ወደ ቸርኬ ሻጭ ቢሄድ የሚያስወቅሰው ነገር የለም። በ14 ኢንች ልክ ለፍጥነት የሚሆን ጥሩ ጎማ ማግኘት ከባድ እየሆነ መጥቷል፤ የብረቱ ቸርኬ ከብዙ ዓመት በኋላ ይዝጋል፣ ይጣመማል፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ሊቀልል ይችላል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ባለቤቱ አንድ ኢንች ለመጨመር ሄዶ ሦስት ኢንች ጨምሮ ሲመለስ ነው።

«ጎማ በሰፋ ቁጥር መሬት ይይዛል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በመኪናው ክብደትና በጎማው ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ነው። ጎማው ስለሰፋ የመኪናው ክብደት አይጨምርም። አሻራው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ያጥራል። ይህ በኩርባ ላይ የተወሰነ ጥቅም ይሰጣል፤ ውሃ ባቆረ አስፋልት ላይ ግን በተቃራኒው ጎማው በቶሎ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚጥልበትና ሲጥል መንገዱን ኩሬ በሚያደርግበት በዚህ አካባቢ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ በላይ የዛሬ ጎማ ከ1970 ጎማ የሚበልጠው በስፋቱ ሳይሆን በላስቲኩ ቅመምና በውስጥ አሠራሩ ነው። በድሮው ልክ የተገዛ አዲስ ጎማ እንኳ መኪናው በወጣትነቱ አይቶት የማያውቀውን አያያዝ ይሰጠዋል። ይህን የሚነግር ቸርኬ ሻጭ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ስፋት ይሸጣልና።

240 ዜድ የመሪ ኃይል አጋዥ የለውም። በቀጭን ጎማ ሲነዳ የመንገዱን ስሜት ለእጅ የሚያደርስ ቀላል መሪ አለው፤ ብዙዎች መኪናውን የሚወዱትም ለዚህ ነው። 225 ሚሊ ሜትር ጎማ ሲገጠምለት ይኸው መሪ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትከሻ የሚያደክም ይሆናል። ነገሩ በስፋት ብቻ አያበቃም። ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው መካከል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ ቁጥር አለ፤ ባለሙያዎች ኦፍሴት ይሉታል። ቸርኬው «ወጣ ብሎ እንዲታይ» ተብሎ ይህ ቁጥር ሲቀነስ ጎማው ከመኪናው አካል ይርቃል። ያን ጊዜ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ምት መሪውን ከእጅ ለመንጠቅ ይሞክራል፤ ኩሽኔታውም ፋብሪካው ያላሰበለትን ጭነት ይሸከማል። ከ50 ዓመት በፊት የተነደፈ ኩሽኔታ ደግሞ የሚሸከመው የዚያን ዘመን ሂሳብ ነው።

የጎማው ጠቅላላ ቁመትም አለ። የመጀመሪያው 175 ጎማ ከቸርኬው ጋር 636 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚታሰረውና በቆዩ መኪኖች ዘንድ ተወዳጅ የሆነው 225/50 ጎማ 606 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ ከመቶ አምስት ያህል ነው፤ የፍጥነት ጠቋሚው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው 95 ነው ማለት ነው። ሞተሩም በዚያው ፍጥነት ይበልጥ ይዞራል፤ ወደ መሬት የቀረበው ሆድም በየፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ይፋቃል። ይህን ሂሳብ ለመሥራት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ባለቤቶች ግን የሚያሰሉት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

እጅግ የሚያሳዝነው የሚከተለው ደረጃ ነው። በ240 ዜድ የኋላ እግር ላይ ጎማው በውስጥ በኩል ሞላው ከሚቀመጥበት ሰሐን ጋር ይቀራረባል፤ በውጭ በኩል ደግሞ የፓራፋንጎው የታጠፈ ጠርዝ ይጠብቀዋል። ሰፊ ጎማ በሁለቱ መካከል ቦታ ሲያጣ ባለቤቱ ሁለት መንገድ አለው፤ ጎማውን መቀነስ ወይም መኪናውን መቁረጥ። ብዙዎች ባቲላሜራ ጠርተው ፓራፋንጎውን ያስቆርጣሉ፣ በላዩም የፕላስቲክ ቅጥያ በብሎን ያስመታሉ። የተቆረጠው ብረት በዚያው ቀን ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። የተመረተበት ዘመን ያለፈ መኪና ፓራፋንጎ እንደ ጎማ ከመደብር ተገዝቶ አይተካም፤ በጠርዙ የገባው የባሕር ዳርቻ እርጥበትና ጨውም ዝገቱን ከውስጥ ይጀምራል።

ቆራጮቹ መልስ አያጡም። ኩባንያው ራሱ በ1971 በጃፓን በሸጠው 240 ዜድ ጂ በተባለው ዓይነት ላይ የፓራፋንጎ ቅጥያ አልገጠመምን? ይላሉ። ገጥሟል። ፖርሽም በ1973 ካሬራ አር ኤስ 2.7 ላይ የኋላውን ጎማ ከፊቱ አስፍቶ 215 አድርጎታል። ነገር ግን ፖርሽ ይህን ሲያደርግ የኋላውን አካል ራሱን አስፍቶ ሠራው፤ በፊት 185፣ በኋላ 215 ሲል መሐንዲሶቹ ሚዛኑን ለክተው ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ስፋትና በመንገድ ዳር በመፍጫ የሚሠራው ስፋት ከሩቅ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ለውድድር ብቻ የተዘጋጀ መኪና ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ በዝግ ሜዳ ይሮጣል፣ ከየውድድሩ በኋላም ይፈተሻል።

ታዲያ የሚሻለው ምንድን ነው? ከመኪናው ጋር የሚስማማው መልስ ብዙም አያስደንቅም። ስፋቱ ስድስት ኢንች ገደማ የሆነ የ15 ኢንች ቸርኬና 195/65 ጎማ። ይህ ጎማ ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመጀመሪያው ጋር የሚለያየው ለዐይን በማይታይ ልክ ነው፤ ጠቋሚው አይዋሽም፣ ኦፍሴቱ በትክክል ከተመረጠ ፓራፋንጎው አይነካም፣ መሪውም አይከብድም። ልኩ በብዙ የቤተሰብ መኪኖች ላይ ስለሚገጠም ማንኛውም ጎሚስታ ዘንድ ይገኛል። ትንሽ ስፋት የሚሻ 205/60 ሊያስብ ይችላል። ለትዕይንት የማይበቃ ነው የሚል ካለ፣ መኪናው ሳፋሪን ሲያሸንፍ ዝናው ከትዕይንት እንዳልመጣ ማስታወስ ይቻላል።

የቸርኬው ጥራትም ሊታለፍ አይገባም። የታወቁ የጃፓን ቸርኬዎችን መልክ የሚኮርጁ ርካሽ ምርቶች በገበያው ሞልተዋል። ለጃፓን ገበያ በትክክል የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጄ ደብሊው ኤል የሚል የጥራት ምልክት በአካሉ ላይ ተቀርጾበታል፤ ምልክቱም ራሱ ሊኮረጅ ስለሚችል የሻጩ ማንነት ይመዘናል። ዳዶዎቹም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱ ቸርኬ ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ዳዶ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ከነቀለበቱ። የብረት ቸርኬውን ዳዶ በአዲሱ የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ እንዲያው ማሰር በአውራ ጎዳና ላይ ጎማ ያስወልቃል።

ከስፋት ይልቅ ሕይወት የሚቀጥፈው ግን ዕድሜ ነው። የቆየ መኪና በዓመት የሚነዳው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የጎማው ጥርስ ከአሥር ዓመት በኋላም አዲስ ይመስላል። ላስቲኩ ግን በሙቀትና በፀሐይ ይደርቃል፣ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጊዜው ባለፈበት ጎማ መንዳት 500 ድርሃም ያስቀጣል፣ መኪናውንም ለሳምንት ያሳግዳል። ሆኖም ለሰፊ ቸርኬ ብዙ ሺህ ድርሃም ያወጣ ባለቤት ያረጀውን ጎማ «ገና ጥርስ አለው» ብሎ ሲያስቀጥል ይታያል። የገንዘቡ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ተገልብጧል።

እንዲህ ያለውን መኪና የሚያጥበው፣ ወደ ጋራዥ የሚወስደውና የሚመልሰው ደግሞ ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም። በቤተሰብ ሹፌርነት ወይም በጋራዥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ከእነዚህም መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ። ጎማው መሪው ሲጠመዘዝ ሲፋቅ የሚሰማው፣ ኩሽኔታው ማጉረምረም ሲጀምር የሚያውቀው እርሱ ነው። ባለቤቱ ቢከፋም ይህን መናገር ከሙያው ይቆጠራል። መፍጫው ከመነሣቱ በፊት ጎማው በልኩ ተለክቶ፣ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ፣ መኪናውም ሰው ተጭኖበት ይሞከር። የወለቁት አራት የብረት ቸርኬዎች ደግሞ ከዳዶዎቻቸው ጋር ዝገታቸው ተጠርጎ በደረቅ ቦታ ይቀመጡ፤ መኪናው የሚሸጥ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው።