የጦጣ ብልሃትና የወታደር እንጀራ

ጦጣ ድመትን አሞግሳ፣ በፍም ውስጥ የሚጠበሰውን ፍሬ በመዳፏ እንድታወጣላት አደረገቻት ይባላል። መዳፏ የተቃጠለው ድመት ናት፤ ፍሬውን የበላችው ግን ጦጣ ናት። ይህ ተረት የሕፃናት ማጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ተረት ጠቅሶ ለአንድ ወታደር ፈረደለት።

ሰውየው ቪንሰንት ስታውብ ይባላል። በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የደም ሥርን በራጅ የሚያነሣ ባለሙያ ሲሆን፣ ከዚሁም ጋር የተጠባባቂ ጦር አባል ነበረ። በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በየዓመቱም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለጦር ልምምድ ይሄድ ነበር። የቅርብ አለቃው ይህን አልወደደችም። የእርሱን ተራ ሲሸፍኑ የተቸገሩትን ሰዎች ብድር ይክፈል ብላ፣ አስቀድማ ሳትነግረው ትርፍ ሥራ ትመድብበት ነበር። በኋላም በጥፋት ተከሰሰ፤ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋም መዝገቡን አይታ እ.ኤ.አ. በ2004 አሰናበተችው። ሆስፒታሉም፦ «ያባረረችው ኃላፊ ወታደርን አትጠላም፤ እኛ ምን በደልን?» ሲል ተከራከረ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እውነተኛው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ወታደርን የሚጠላ አለቃ «ወታደር እጠላለሁ» ብሎ አይጽፍም። «ሰዓት አያከብርም፤ ከጓደኞቹ ጋር አይስማማም» ብሎ ይጽፋል እንጂ። (በበዓል ቀን ግን ባንዲራ ለመስቀል የሚቀድመው የለም።) ልበ ቅኑ ኃላፊም ወረቀቱን አምኖ ይፈርማል፤ እንጀራም በማኅተም ይቈረጣል። ዳኞቹ ግን የአለቃው ጥላቻ በእርግጥ ለመባረሩ ምክንያት ከሆነ፣ በሌላ ሰው እጅ መፈረሙ አሠሪውን ነጻ አያወጣውም አሉ።

«ባለሱቁስ ምን ያድርግ? ሠራተኛው በሄደ ቁጥር ሥራው ይበደላል» የሚሉ አሉ። መበደሉን አልክድም። ነገር ግን ድንበር ሲጠበቅ ባለሱቁም አብሮ በሰላም ያድራል፤ የዚያን ሰላም ዋጋ ሁሉ በዘማቹ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን የንፉግ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግም ቢሆን አሠሪውን አልረሳውም። ዘማቹ መሄዱን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የአገልግሎቱ ዘመን ሲደመር ከ5 ዓመት አያልፍም፤ ከ180 ቀን በላይ ዘምቶ የተመለሰም በ90 ቀን ውስጥ ሥራዬን መልሱልኝ ብሎ ማመልከት ይገባዋል። ሲመለስ ግን ባይሄድ ኖሮ ይደርስበት ከነበረው ደረጃ እንጂ ትቶት ከሄደው ደረጃ አይቀመጥም። ወታደርነቱ ለመባረሩ አንድ ምክንያት ሆኖ ከተገኘም፣ «ያለዚያም አሰናብተው ነበር» ብሎ ማስረዳት የአሠሪው ዕዳ ነው።

በአሜሪካ ከሚኖሩት የእኛ ልጆች ወደዚያ ጦር የሚገቡ አሉና ይህን ይወቁት። ነገ በኃላፊነት ወንበር የምትቀመጠው ግን አንተም ልትሆን ትችላለህ። ስታውብ በተባረረ ጊዜ፣ ክሱ በወታደርነቴ ከመጣ ጥላቻ የተፈጠረ ነው ሲል አቤት ብሎ ነበር። ኃላፊዋ አለቃይቱን ጠርታ አልጠየቀቻትም።