ከመርፌው በፊት ተናገሩ

በዚህ ዕትም የምናነሣው «ስካን ስንነሣ በደም ሥር የሚሰጠን መርፌ ይጎዳን ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ከሬኮ ተነሥታ ለሕክምና ዲላ የወረደች አንዲት እናት እናስብ። የአራት ወር ሕፃን ታጠባለች። ሐኪሙ የሆድ ሲቲ ስካን በኮንትራስት እንድትነሣ አዘዘላት። የእርሷ ልብ ግን ያለው ከሕፃኑ ዘንድ ነው። «መድኃኒቱ ጡቴ ውስጥ ገብቶ ልጄን ቢጎዳብኝስ?» ትላለች። ባሏም የሚመልስላት አጣ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

ኮንትራስት የደም ሥሮችና የውስጥ አካላት በፎቶው ላይ ጎልተው እንዲታዩ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ለሲቲ ስካን የሚሰጠው አዮዲን፣ ለኤም አር አይ የሚሰጠው ደግሞ ጋዶሊኒየም አለበት። የሲቲ ስካኑ መርፌ ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አትደንግጡ፤ ወዲያው ያልፋል።

አንዳንድ ሰው ያሳክከዋል፣ ሽፍታ ይወጣበታል ወይም ያቅለሸልሸዋል። ብርቱ አለርጂ ግን ዛሬ በሚሰጡት የአዮዲን ዓይነቶች ከ10,000 ሰዎች 4 ያህሉን ብቻ ነው የሚያጋጥመው። አብዛኛውን ጊዜም የሚነሣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ተነሥታችሁ ለመሄድ አትቸኩሉ። ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ወይም የተወጋው ክንድ ቢያብጥና ቢያቃጥል ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ከመርፌው በፊት ነው። ቀድሞ ኮንትራስት ተወግታችሁ ሰውነታችሁ ተቆጥቶ ከነበረ፣ አስም፣ የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር ወይም እንቅርት ካለባችሁ፣ ወይም እርግዝና ከጠረጠራችሁ ለባለሙያው ንገሩ። ኩላሊት በደም ምርመራ ይታያል። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ በጣም ከደከመ መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት እንዲያቆም ሊታዘዝ ይችላል፤ በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቋርጡ። እንቅርት ያለበትንም አዮዲኑ ዕጢውን ከመጠን በላይ ሊያሠራው ስለሚችል ሐኪሙ ይከታተለዋል። በጾም ጸሎት ላይ ከሆናችሁ ይህንንም አትደብቁ፤ ውኃ ያጣ ሰውነት ኩላሊቱ ይጨነቃል።

ባሎችና ሚስቶች ሆይ፣ ሕመማችንን ከትዳር ጓደኛችን እንኳ የምንሰውር ጥቂቶች አይደለንም። ነገር ግን ታማሚው ደክሞ መናገር ሲያቅተው ማን ይናገርለታል? ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ አንዳችሁ የሌላውን ሕመምና የሚወስደውን መድኃኒት ዕወቁ።

ወደዚያች እናት እንመለስ። ከተወጋችው መድኃኒት ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ ወደ ሕፃኑ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጇን ማጥባቷን ትቀጥል። ባሏም ይህን ይንገራት፤ እስክትወጣም ሕፃኑን ታቅፎ በደጅ ይጠብቃት።