ማንም የማይቀሰቅሰው ተማሪ

ልጆች ሆይ፤ ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሄዳችሁ ጊዜ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ታላቅ ትምህርት ቤት አይታችሁ ይሆናል። የተከፈተውም በ1999 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ማለት አሥራ ሁለተኛውን ክፍል የጨረሱና ፈተናውን ያለፉ ወጣቶች ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ወይም የእርሻ ዐዋቂ ለመሆን የሚማሩበት ስፍራ ነው። በአንዱ ግቢ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ይኖራሉ።

ብዙ ሰዎች «ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባ» ሲሉ፣ መንገዱ ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። በሩን መግባት አንድ ነገር ነው፤ ተምሮ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንንም በራሴ ላይ ከደረሰው ተምሬዋለሁ።

በልጅነቴ በበዴሳ ሳለሁ እናቴ በየማለዳው ትቀሰቅሰኝ ነበር። አባቴም ደብተሬን ሳያይ እራት አያስበላኝም ነበር። መምህራችን ስማችንን እየጠራ ይቈጥረን ስለ ነበረ፣ አንድ ቀን ብቀር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ኋላም ፈተናውን ባለፍሁ ጊዜ መንግሥት ከአገሬ እጅግ ወደ ራቀ ዩኒቨርሲቲ መደበኝ። አባቴ ለመንገዴና ለልብሴ ብሎ አንድ ወይፈን ሸጠ።

በዚያ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንተኛ ነበር፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱም ከሐረርጌ የመጣ ነበረ። ምግባችንን በትልቁ አዳራሽ ተሰልፈን እንቀበላለን። የሚያስተምሩን መምህር ከብዙው ተማሪ መካከል ስሜን ለይተው አያውቁም ነበር። ብቀር የሚጠይቀኝ፣ ብተኛም የሚቀሰቅሰኝ አልነበረም።

በመጀመሪያ ይህ ነገር ደስ አሰኘኝ። «ዛሬ ልረፍ፤ ነገ አነባለሁ» አልሁ። ነገም በደረሰ ጊዜ ሌላ ነገ አገኘሁ። በፈተናው ቀን ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ባየሁት ጊዜ ከጥያቄዎቹ የሚበዙትን አላወቅኋቸውም። ውጤቱም ከማስጠንቀቂያ ጋር መጣ፤ ሁለተኛ እንዲህ ቢሆን ከትምህርቱ እሰናበት ነበር። በዚያች ሌሊት የአባቴ ወይፈን በዐይኔ ላይ እየመጣ እንቅልፍ ነሣኝ።

ከጎጃም የመጣው ጓደኛዬ በየማታው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄድ ነበር። «ከአንተ ጋር ልሂድ፤ በማለዳም ቀስቅሰኝ» ብዬ ለመንሁት። እርሱም «በዚህ ሳምንት እኔ እቀሰቅስሃለሁ፤ በሚመጣው ሳምንት ግን አንተ እኔን ትቀሰቅሰኛለህ» አለኝ። ሰውን የሚቀሰቅስ አስቀድሞ ራሱ መንቃት ያስፈልገዋልና፣ ይህ ቃል ከብዙ ምክር ይልቅ ጠቀመኝ። እርሱ ሒሳብ ያስረዳኝ ነበር፤ አማርኛዬ በተሰናከለ ጊዜም ከቶ አልሣቀብኝም። በመጨረሻም ሁለታችን በአንድ ቀን ተመረቅን።

አንዳንድ ሰዎች «ዩኒቨርሲቲ ልጆችን ያበላሻል፤ በቤታቸው ቢቀሩ ይሻላል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ታላቅ ትምህርት ቤት አዲስ ጠባይ አይሰጥም፤ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ልማድ ይገልጣል እንጂ። ሰው እየነዳው ብቻ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ ነጂው በቀረ ጊዜ ይቆማል።

ደግሞም የዚያ ስፍራ ዕድል ርካሽ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶው ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞሉም። የገባውም ተማሪ ከወጪው ከፊሉን ሥራ ከያዘ በኋላ ይከፍላል፤ የቀረው ግን ገበሬውና ነጋዴው ከሚከፍሉት ግብር ይወጣል። ስለዚህ በዚያ የሚተኛ ተማሪ የሚያባክነው የራሱን ቀን ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ለዩኒቨርሲቲ መዘጋጀት በአሥራ ሁለተኛው ክፍል አይጀመርም፤ አሁን ፊደል በምታጠኑበት በዚህ ክፍል ይጀመራል። ዛሬ ማታ ማንም ሳያዝዛችሁ የቤት ሥራችሁን ሥሩ። ነገ ማለዳም እናታችሁ ሳትጠራችሁ ተነሡ።